ወንዙ ስንት ሲደርስ ነው አደጋ የሚሆነው? መለኪያ ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ሳምንት 1

ከቤታችን በታች የሚያልፈው ወንዝ ትንሽ ነው። ዝናብ በሌለበት ጊዜ ልጆች ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሩታል። ዝናብ ሲገባ ግን ሌላ ወንዝ ይሆናል። ሁላችንም "ዛሬ ሞልቷል"፣ "ዛሬ ጎድሏል" እንላለን። ምን ያህል ሲሞላ ነው ዕቃ ማንሳት፣ ልጅ ማስወጣት ያለብን ስል ግን መልስ ያለው ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ መለኪያ ልሠራ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት ተራ የሜትር ሰሌዳ ነው። ሁለት ሜትር ከግማሽ ጣውላ፣ ነጭ ቀለም፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ወፍራም ጥቁር መስመር፣ በየ2ቱ ቀጭን። ዳር ላይ እንጨት ተከልኩና በሚስማር መታሁት። ዜሮውን ከወንዙ ወለል ጋር እኩል አደረግኩት።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ መጣና ሁለት ነገር ተበላሸ። እንጨቱ ዘመመ፤ ይሄ ቀላል ነው። ከባዱ ወለሉ ራሱ መንቀሳቀሱ ነው። ውሃው ጠጠሩን ጠርጎ ወስዶ ከሰሌዳው ሥር 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ጎድጉዷል። ወለሉ ዜሮ ነው ብዬ ነበር፤ ወለሉ ግን በየዝናቡ ይቀየራል። የዛሬው 50 እና የነገው 50 አንድ አይሆኑም ማለት ነው።

ስለዚህ ሁሉንም ነቅዬ እንደገና ጀመርኩ። አሁን ሰሌዳው በትንሿ ድልድይ የኮንክሪት ምሰሶ ላይ በብሎን ታስሯል፣ የሚመጣ ግንድ በቀጥታ በማይመታው ጎን። ዜሮውን በጣም ከጎደለው ውሃ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ አስቀመጥኩት፣ መቼም ከዜሮ በታች እንዳይነበብ። ከዚያ የድልድዩ ግንብ ላይ በመሮ ምልክት ቀረጽኩ። ምልክቱ ከዜሮው 312 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ሰሌዳውን ጎርፍ ቢወስደው እንኳ ከዚህ ምልክት ተነስቼ እቦታው እመልሰዋለሁ። ይህን የምትሠሩ ሰዎች ካላችሁ፣ ከቀለሙ በፊት ይህን ምልክት ሥሩ።

ሳምንት 2

ከሰሌዳው ፊት ለፊት የወንዙ ዳር 240 ላይ ነው። "እንግዲያው 240 ሲደርስ ጎርፍ ነው" ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ነበር። ስህተት።

ውሃ የሚወጣው ሰሌዳው ባለበት አይደለም። ዳሩ ዝቅ ያለበትን ፈልጎ ነው የሚወጣው። ቀጭን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቼ (በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም ከፍታ ማወዳደሪያ ነው)፣ ከጓደኛዬ ጋር ሁለቱን ጫፍ ይዘን ዳሩን በሙሉ ተከተልነው። ግማሽ ቀን ፈጀ። ከድልድዩ 40 ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ሰው ውሃ ለመቅዳት የሚወርድበት መንገድ አለ። እግር እየበላው ዝቅ ብሏል። ከፍታው ከሰሌዳው ዜሮ 170 ብቻ ነው። ከ240 ጋር ሲተያይ 70 ሳንቲ ሜትር ልዩነት።

ከዚያ ሌላ ነገር አሰብኩ። የውሃው ፊት ራሱ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ወንዙ ወደ ታች ስለሚሄድ ተዳፋት ነው። በእነዚያ 40 ሜትሮች ውስጥ የውሃው ፊት 8 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ታች 170 ሲደርስ እኔ ሰሌዳዬ ላይ የማነበው 178 ነው። ስለዚህ መፍሰሻው ቁጥር 178። በቀይ ጻፍኩት።

ሳምንት 3 እና 4፦ ሴንሰር

ሌሊት ድልድይ ላይ ቆሞ ሰሌዳ የሚያነብ ሰው የለም። በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካ ሴንሰር ከድልድዩ ሆድ ላይ ወደ ውሃው አፍጥጦ እንዲቀመጥ አደረግኩ። ከዜሮ 305 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። 305 ሲቀነስ የለካው ርቀት፣ የውሃው ከፍታ ነው። ሴንሰሩን የሚያነበው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ኢኤስፒ32 ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ኤችሲ-ኤስአር04 የሚባለውን ርካሹን ነበር። አንደኛ፣ በ5 ቮልት የሚሠራ ሲሆን የቦርዱ ፒን የሚችለው 3.3 ነው። ይህን ሳላስብ በቀጥታ አገናኘሁትና አንድ ፒን አቃጠልኩ። በ1 ኪሎ ኦም እና በ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ቮልቴጁን ወደ 3.3 አወረድኩት። ሁለተኛ፣ ውሃ አይከላከልም። በሳምንቱ ውስጡ ጤዛ ገብቶ ሞተ። ወደ ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ተሻገርኩ፤ ይሄኛው ጭንቅላቱ ውሃ አያስገባም። ቅርብ ያለ ነገር ግን አያይም፤ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ይዘለዋል። እኔ ዘንድ ችግር አይደለም፣ ውሃው እዚያ ከደረሰ ድልድዩ ራሱ ሄዷል።

ከዚያ አንድ ግራ የገባኝ ነገር መጣ። ዝናብ ሳይዘንብ ወንዙ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ይሞላል፣ ሌሊት ይጎድላል። ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ከመሃሉ ወደ ላይ፣ 5 ያህል ወደ ታች። ሁለት ቀን ከላይ ሰው መስኖ እየከፈተና እየዘጋ መስሎኝ ፈለግኩ። ሰሌዳውን በዓይኔ ሳየው ውሃው አልተነቃነቀም።

የሚለዋወጠው የድምፅ ፍጥነት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ የሚሄደው 331.3 ሲደመር 0.606 ሲባዛ በሙቀቱ፣ ሜትር ነው። በ10 ዲግሪ ወደ 337፣ በ30 ዲግሪ ወደ 349። ኮዴ ውስጥ ሁልጊዜ 343 ነበር። ውሃው ከሴንሰሩ 263 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ ይህ ልዩነት ብቻውን 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያስታል። ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር ጨመርኩ። እሱንም መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ አድርጌው፣ ሳጥኑ ፀሐይ ላይ ሲግል የባሰ አሳሳተኝ። ከሳጥኑ አውጥቼ ድልድዩ ጥላ ውስጥ ሰቀልኩት። አሁን ከሰሌዳው ጋር በ1 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይስማማል።

አንድ ንባብ ማመን አይቻልም። ማዕበል አለ፣ የሚንሳፈፍ ቅርንጫፍ አለ፣ አንድ ቀን የሸረሪት ድር ከሴንሰሩ ፊት ተዘርግቶ ወንዙ 280 ደርሷል አለኝ። በአንዴ 15 ጊዜ ይለካና ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መሃለኛውን ይወስዳል። አማካይ አይደለም፣ መሃለኛው። አማካዩን አንድ የተበላሸ ንባብ ይጎትተዋል።

ሳምንት 5

የመጀመሪያው እውነተኛ ሙላት። ከሰዓት በኋላ ከላይ ጥቁር ደመና ነበር፣ እኛ ጋ ጠብታ የለም። 42 የነበረው በ50 ደቂቃ 118 ገባ። ማንቂያውን 150 ላይ አድርጌው ስለነበር ምንም አልጮኸም።

ውሃው ከዳሩ አልወጣም። 178 አልደረሰም። ስለዚህ "አደጋ አልነበረም" ልል ነበር። ግን በዚያው ሰዓት አንዲት ጎረቤት ሁለት ልጆቿን ይዛ በድንጋዩ መሻገሪያ ልትሻገር ገብታ፣ ጉልበቷ ጋ ሲደርስባት በጭንቅ ተመለሰች። ያኔ ሰሌዳዬ 75 ገደማ ነበር የሚያሳየው።

ይህን ካየሁ በኋላ ሐሳቤ ተቀየረ። ወንዙ ከዳሩ ሳይወጣ ሰው ሊወስድ ይችላል። አደጋ የሚጀምረው ውሃው ሰው ያለበት ሲደርስ ወይም ሰው ውሃው ወዳለበት ሲገባ ነው፣ የትኛውም ይቅደም። በፍጥነት የሚሄድ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። የሚገፋው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ያቺ እናት የገባችበት ውሃ ጥልቀቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነበር ሊጥላት የነበረው።

መሻገሪያው ላይ ለብቻው ቁጥር ሰጠሁት። 60። ከዚያ በላይ ማንም አይግባ። ሁለቱም ዳር ድንጋይ ላይ ቀይ መስመር ቀባሁ፤ ውሃው መስመሩን ከነካ መሻገር የለም። ስልክ ለሌለው ሰውም ይሠራል።

ሳምንት 6

የፍሰት መጠን መለካት ፈለግኩ። ከፍታ ብቻውን አይበቃም።

ግማሹን ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለቀቅኩ፣ 10 ሜትር ለመሄድ የፈጀበትን ሰከንድ ያዝኩ። አምስት ጊዜ፣ መሃልም ዳርም። ላዩ ላይ ያለው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን በ0.85 አባዛሁት። ከዚያ በወንዙ የመስቀለኛ ስፋት (ወርዱ ሲባዛ በአማካይ ጥልቀቱ) ማባዛት ነው። ሲሞላ ሁሉንም ከድልድይ ላይ ሆኜ ነው የሠራሁት፣ ወደ ውሃው አልገባሁም፤ እናንተም እንዳትገቡ።

ሰሌዳው 40 ሲል በሰከንድ 0.5 ሜትር ኩብ። 80 ሲል 3.3 ሜትር ኩብ። ቁጥሩ በእጥፍ አደገ፣ ውሃው ግን ከ6 እጥፍ በላይ። ምክንያቱ ሲሞላ ይሰፋል፣ ይጠልቃል፣ ይፈጥናል፤ ሦስቱም አንድ ላይ። ከ80 ወደ 120 የሚያደርሰው ውሃ ከ40 ወደ 80 ካደረሰው ጋር አይወዳደርም። ሰው "40 ሳንቲም ብቻ ነው የጨመረው" ሲል አሁን ዝም አልልም፣ ከየት ተነስቶ ነው 40 የጨመረው እላለሁ።

በዚሁ ሳምንት መልእክት የሚልከው ክፍል አስቸገረኝ። ሲም800ኤል የሚባለው ሞጁል ኤስኤምኤስ ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። ባትሪው ይወርድና ቦርዱ ጠፍቶ ይነሳል፣ ከዚያ እንደገና ሊልክ ይሞክራል፣ እንደገና ይጠፋል። ማለትም መልእክት መላክ ባለበት ሰዓት ነው የሚሞተው። ሁለት ማታ በዚህ ሄደ። 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለቅጽበት የሚያጠራቅም ዕቃ) አጠገቡ ሶልደር አደረግኩ፣ ሽቦውን አሳጠርኩ፣ ለብቻው ባትሪ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። ከሁሉ ብዙ ወጪ የወሰደው ሴንሰሩ አይደለም፤ ባትሪው፣ ሶላር ፓነሉና ውሃ የማያስገባው ሳጥን ናቸው።

የመለኪያውን ሰዓትም ቀየርኩ። በየ15 ደቂቃው ነበር። ለትልቅ ወንዝ ይበቃል፤ የእኛ ግን በ15 ደቂቃ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ይጨምራል። አሁን በሁለት ንባብ መሃል 3 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ወደየ2 ደቂቃው ይገባል፣ ሲረጋጋ ይመለሳል።

ሳምንት 7

ሁለተኛ መለኪያ 3 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ሰቀልኩ። የላይኛው ከጨመረ በኋላ የታችኛው የሚጨምረው ከ35 ደቂቃ በኋላ ነው። ሙላቱ ትልቅ ሲሆን ደግሞ 26 ደቂቃ ብቻ። ትልቁ ጎርፍ ይፈጥናል። ማስጠንቀቂያ በጣም በሚያስፈልግበት ቀን ጊዜው ያጥራል ማለት ነው።

የዝናብ መለኪያም አለኝ፣ ቀጥ ያለ ጠርሙስና ማስመሪያ። 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ደረቅ መሬት ላይ ሲወርድ ወንዙን በ20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረገው። ያው 25 ሚሊ ሜትር፣ ሦስት ቀን ተከታታይ ከዘነበ በኋላ፣ በ90 ከፍ አደረገው። መሬቱ ከጠገበ የሚመጣው ሁሉ ወደ ወንዙ ነው። ከእኛ በላይ ያለው ተፋሰስ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ማለት 300,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ስለዚህ የሦስት ቀኑን ድምር መያዝ ጀመርኩ።

ሐሙስ ዕለት አንድ ነገር ሆነ። ከባድ ዝናብ እየዘነበ የላይኛው መለኪያ በ6 ደቂቃ 9 ሳንቲ ሜትር ወረደ። ደስ አለኝ፣ አለፈ ብዬ። ከ30 ደቂቃ በኋላ በ5 ደቂቃ 40 ጨመረ። ከላይ በኩል መንገድ ሥር ያለው ቱቦ በግንድና በቆሻሻ ተደፍኖ ውሃውን ይዞት ነበር፣ ከዚያ በጠሰው። በዝናብ መሃል ወንዝ ድንገት ከጎደለ አንድ ነገር ከላይ ይዞታል። አሁን ዝናብ እያለ በ10 ደቂቃ ከ5 በላይ ከወረደም ማንቂያው ይጮኻል።

ሳምንት 8፦ ቁጥሮቹን መወሰን

የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለየወንዙ አራት ደረጃ ያስቀምጣል፦ መዘጋጃ፣ ቀላል ጎርፍ፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ደረጃው ለሁሉም ወንዝ አንድ ቁጥር አይደለም፤ እዚያ ቦታ ውሃው ምን ይነካል ከሚለው ነው የሚነሳው። ይህ ነገር ጥንትም ነበር። ካይሮ ውስጥ በሮዳ ደሴት በ861 እ.ኤ.አ. የተሠራው የዓባይ መለኪያ በክንድ የተከፈለ ምሰሶ ነው። 16 ክንድ አካባቢ ጥሩ ዓመት፤ ከዚያ በጣም ካነሰ ረሃብ፣ በጣም ካለፈ ጎርፍ። ሰው ምሰሶውን የሚያየው እርሻው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነበር።

እኔም ከታች ጀምሬ ቆጠርኩ። ሰው ውሃ ለመቅዳት ከሚወርድበት ዝቅ ያለ መውረጃ አጠገብ ሦስት ቤቶች አሉ። ገብቼ ጠየቅኳቸው፦ ዕቃ ለማንሳት፣ ልጆችና አዛውንት ለማስወጣት ምን ያህል ይፈጅባችኋል? 50 ደቂቃ አሉኝ። እስካሁን በታችኛው መለኪያ ያየሁት ፈጣኑ ጭማሪ በሰዓት 90 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በ50 ደቂቃ 75። 178 ሲቀነስ 75፣ 103። ማንቂያውን ከ150 ወደ 100 አወረድኩ። 150 ላይ ቢጮህ ኖሮ ለሦስቱ ቤቶች 19 ደቂቃ ብቻ ነበር የሚተርፋቸው።

ከሦስቱ ቤት ባለቤቶች አንዱ አዛውንት ናቸው። ግድግዳቸው ላይ የቆየ የጭቃ መስመር አሳዩኝ። "ልጄ፣ ውሃው እዚህ ደርሶ ነበር። የመቶ ዓመት ጎርፍ ነው አሉን፤ እንግዲህ በኛ ዕድሜ አይመለስም" አሉ። መስመሩን በቱቦው ለካሁት፤ ወደ ሰሌዳዬ ሲመጣ 231 ነው። ከዚያ ቁጭ ብለን አወራን። የመቶ ዓመት ጎርፍ ማለት በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል ያለው ማለት ነው፤ አምና መጣ ብሎ ዘንድሮ አይተውም። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣቱ ዕድል 26 በመቶ ነው። ዝም ብለው ሰሙኝና "እንግዲያው እህሉን ከመሬት ላነሳው ነው" አሉ። በማግስቱ ቆጥ ሠሩ።

ሳምንት 9

ሰኞ ማታ መጣ። ሦስት ቀን ዘንቧል፣ መሬቱ ጠግቧል።

4:24 ላይ የላይኛው መለኪያ ዘለለ፣ መልእክቱ ደረሰኝ። ታች 61 ነበር፤ መሻገሪያው ተዘግቷል ማለት ነው። 4:50 ታችኛው 100 አለፈ፣ ማንቂያው ጮኸ። ሦስቱም ቤቶች ተነሱ። የመጨረሻው ሰው የወጣው 5:36 ነው፤ 46 ደቂቃ ፈጀ። 5:41 ላይ ውሃው በመውረጃው በኩል ወጣ። 5 ደቂቃ ነው የተረፈን።

ሰሌዳው ያን ሰዓት 172 ነበር። 178 ብዬ ነበር። የመውረጃውን ፊት ሳየው ገባኝ፤ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ ከታች ያለው ጠባብ መታጠፊያ ውሃውን ወደ ኋላ ስለሚይዘው ተዳፋቱ ቀንሷል። 8 ሳንቲ ሜትር የለካሁት ውሃው ትንሽ በነበረ ጊዜ ነው። በሙላት 2 ብቻ ሆኗል።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በደንብ ልጻፈው። እስከ 172 ድረስ በሰዓት 85 ሳንቲ ሜትር ነበር የሚጨምረው። ከወጣ በኋላ በሰዓት ወደ 15 ወረደ። ስልክ ላይ የሚታየው መስመር ሊተኛ ቀረበ። አንዱ ጎረቤት አይቶ "ቆመ፣ እንግባ" አለ። የቆመ ነገር የለም። ውሃው ወደ ላይ መጨመሩን ትቶ ወደ ጎን እየተዘረጋ ነው፤ በየደቂቃው የሚመጣው ውሃ እየጨመረ ነበር። የላይኛው መለኪያ ገና ሽቅብ ይወጣ ነበር። ያንን አሳየሁት፣ ተመለሰ። መስመሩ የተኛው ውሃው ከዳሩ ወጥቶ ወደ ቤቶቹ ስለተዘረጋ ነው። በሴንሰሩ ላይ የደረሰው ከፍተኛ ቁጥር 181 ነው፣ 6:17 ላይ።

ሰው አልተጎዳም። የአንድ ቤት ወለል ጭቃ ገባበት። እህሉ ቆጥ ላይ ስለነበር ተረፈ።

ሳምንት 10

ለማመሳከሪያ ቀድሜ የተከልኩት ቧንቧ አለ። ቀዳዳ ያለው ፒቪሲ፣ ውስጡ እንጨት፣ ታች የተፈጨ ቡሽ። ውሃው ሲወጣ ቡሹን ይዞ ይወጣና ሲወርድ ከፍተኛው ቦታ ላይ እንጨቱ ላይ ይተወዋል። ባትሪ የለም፣ ኮድ የለም። ከፍቼ ሳየው 187 ይላል። ሴንሰሩ 181።

6 ሳንቲ ሜትር ለምን? ቀዳዳዎቹ ወደሚመጣው ውሃ ዞረው ነበር። የሚሄድ ውሃ ቀዳዳ ሲያገኝ ፍጥነቱ ወደ ከፍታ ይቀየራል፤ በሰከንድ 1.1 ሜትር ከሆነ 6 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል። ልክ ያንን ነው ያየሁት። ቧንቧውን አዞርኩት፣ ቀዳዳዎቹ አሁን ወደ ጎን ናቸው።

የተቀየሩ ነገሮች፦ መፍሰሻው 178 መሆኑ ቀርቶ 172። ማንቂያው 95፤ ያ 5 ደቂቃ አላስተኛኝም። ከ172 በላይ ሲሆን የታችኛው መለኪያ ፍጥነት በመልእክቱ ላይ አይጻፍም፣ በቦታው የላይኛው ይጻፋል። መልእክቱም ቁጥር ብቻ አይደለም፤ "መሻገሪያው ተዘግቷል"፣ "ዕቃ አንሱ"፣ "ውጡ" ነው የሚለው።

የሰሌዳው ሁለት ብሎን ተነቅሎ ታችኛው ጫፍ ተጣሟል። ከግንቡ ምልክት 312 ለክቼ መለስኩት። ቅዳሜ ከላይ ያለውን የመንገድ ቱቦ ልንጠርግ ስድስት ሰዎች ተቀጣጥረናል። አካፋ አለን፣ መጋዝ ገና እንፈልጋለን።